«ሞተሪኖው ሞቷል» ከተባላችሁ አሮጌውን ዕቃ ከእጃችሁ አትልቀቁ

አሮጌ መኪና የምትነዱ ሰዎች፣ ይቺን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ሞተሪኖ ማለት ቁልፍ ስታዞሩ ሞተሩን አሽከርክሮ የሚያስነሳው ዕቃ ነው። እኔ ወደ ሃያ ሺህ ብር ከፍዬ የተማርኩትን እናንተ በነጻ ውሰዱት።

መኪናዬ በፈረንጆቹ የ1998 ኮሮላ ናት፣ ማኑዋል። ሰኔ ላይ ጠዋት ጠዋት ማስቸገር ጀመረች። ቁልፉን ሳዞር የዳሽቦርዱ መብራቶች ቦግ እንዳሉ ናቸው፣ ከኮፈኑ ስር አንዲት «ቀጭ» ትሰማለች፣ ከዚያ ጸጥ። ሦስት አራት ጊዜ ስደጋግም ትነሳለች። አንድ ቀን ጭራሽ እምቢ ስትል የሰፈር ልጆች ገፍተው አስነሱልኝና በዚያው ቅርብ ወዳለ ጋራዥ ነዳኋት።

መካኒኩ ኮፈን ከፈተ፣ «እስቲ አንዴ አስነሳ» አለኝ፣ «ቀጭ»ን ሰማ፣ ኮፈኑን ዘጋ። «ጋሼ፣ ሞተሪኖው ሞቷል።» በቃ። ቴስተር አላወጣም፣ የባትሪውን ሞርሴቶ (የገመዱን መያዣ) እንኳ ነካ አላደረገም። የዱባይ ኦሪጅናል ዴንሶ ሞተሪኖ አለኝ፣ 14 ሺህ ነው፣ አሮጌውን ከተውክልኝ ግን በ12 ሺህ እገጥምልሃለሁ አለኝ። የሞተ ዕቃ ምን ያደርግልኛል ብዬ በቅናሹ ደስ አለኝ። መኪናዋን እሱ ጋ አሳድሬ በማግስቱ ስመጣ ብርማ ቀለም ያለው፣ የሚያብረቀርቅ ሞተሪኖ ተገጥሞ አሳየኝ። አንዴ ቁልፍ ሳዞር ተነሳች። መርቄው ሄድኩ።

ሁለት ሳምንት ሠራች። ከዚያ «ቀጭ» ተመለሰች፣ ያቺው ራሷ። ተመልሼ ስሄድ ልጁ ምንም አልደነገጠም። «እንግዲህ ሞተሪኖው አዲስ ነው፣ ችግሩ ኳድሮው ነው ማለት ነው» ብሎ የቁልፍ ማስገቢያውን ከነቁልፉ በ6,500 ብር ቀየረልኝ። አሮጌውም እዚያው ቀረ። አራት ቀን ቆይታ እንደገና።

ከዚህ በኋላ ነው አንድ ወዳጄ ዕድሜያቸው የገፋ የመኪና ኤሌክትሪሽያን ጋ የወሰደኝ። ሰውዬው ሥራቸውን የጀመሩት ከባትሪው ነው። ቴስተራቸውን ደገኑ፣ 12.6 ቮልት አሳየ። ደህና ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ ሲያድር የሚያሳየው ይህንኑ ነው። «አስነሳ» አሉኝ። «ቀጭ» አለ፣ ቁጥሩ ግን ምንም ያህል ዝቅ አላለም። እሳቸው ሳቅ አሉ። ሞተሪኖ የእውነት ሲሽከረከር ባትሪውን ወደ 10 ቮልት አካባቢ ያወርደዋል፤ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል ወይም ሞተሪኖው ራሱ ይዟል። ምንም ካልወረደ ግን ኃይሉ ከነጭራሹ ወደ ሞተሪኖው ሆድ አልገባም ማለት ነው።

ቀጥለው የመፈተሻ አምፖላቸውን ሞተሪኖው ላይ ባለችው ቀጭን ሽቦ ላይ አደረጉና ቁልፍ አስዞሩኝ። አምፖሏ ቦግ አለች። «ይኸው፣ ኳድሮው መልዕክቱን አድርሷል። ምን አጥፍቶ ነው የተቀየረው?» አሉኝ። ነገሩ እኮ ቀላል ነው። «ቀጭ» የምትለው ከኳድሮው ኃይል ደርሷት የምትንቀሳቀስ፣ የባትሪውን ኃይል ወደ ሞተሪኖው የምታገናኝ ሶሌኖይድ ናት። «ቀጭ» ካለ ቢያንስ ቁልፉ ትእዛዙን ልኳል። ይህችን ብቻ ባውቅ 6,500 ብር ኪሴ ውስጥ ነበረች።

የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈትተው (ይህን ሳይፈታ ሞተሪኖ የሚያወርድ ሰው ካያችሁ ሽሹ፣ ወፍራሙ ገመድ ቫልቮላ (ፊውዝ) የለውም፣ ቁልፉ ቢጠፋም ሁልጊዜ ኃይል አለበት) ሞተሪኖውን አወረዱት። የሶሌኖይዱን ክዳን ሲከፍቱ ውስጡ ሁለት ትናንሽ የመዳብ መገናኛዎች አሉ። አንደኛው በአንድ ጎኑ ጠቁሮና ተበልቶ አይጥ የቆረጠችው ቂጣ መስሏል። የዚያ ዘመን የቶዮታ ሞተሪኖዎች የታወቀ በሽታ ነው አሉኝ፤ መዳቡ ሲበላ መሀል ያለው ዘንግ መጥቶ ይመታል፣ አያገናኝም። ሁለቱ መዳቦች ከሶማሌ ተራ በ900 ብር ተገዙ፣ የእጅ 1,500። አለቀ።

እስከዚህ ድረስ የመካኒክ አለማወቅ ነው ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ አስቤ ነበር። ሰውዬው ግን ሞተሪኖውን ከመመለሳቸው በፊት ቤንዚን በነካ ጨርቅ ሲወለውሉት ብርማው ቀለም እየተላጠ መጣ። ከስሩ የተቀረጸ ቁጥር ብቅ አለ። የመጨረሻዎቹ ሦስት አሃዞች የኔ ታርጋ ናቸው! ከዓመታት በፊት የጎን መስታወት ሲሰረቅብኝ፣ እንደማንኛውም የአዲስ አበባ ሰው፣ መብራቱም መስታወቱም ላይ ታርጋዬን አስቀርጬ ነበር፤ ቀራጩ ልጅ እጁ ስለገባ ሞተሪኖውም ላይ ጽፎልኝ ነበር። የገዛ ሞተሪኖዬን ቀለም ቀብቶ በ12 ሺህ ሸጦልኛል። መዳቡን እንኳ አልቀየረውም፣ ምናልባት በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎት ይሆናል።

እና እባካችሁ፣ ጋራዥ ከመሄዳችሁ በፊት ጆሯችሁን ተጠቀሙ። መብራቶቹ እየደበዘዙ «ቀጭቀጭቀጭ» ካለ ባትሪ ነው፣ ወይም የላላ ሞርሴቶ፣ ወይም ከሞተሩ ጋር በደንብ ያልተያያዘ ማሳ (የኔጌቲቭ ገመድ)። እንደኔ አንዲት ጠንካራ «ቀጭ» ብቻ ካለችና መብራቱ ካልደበዘዘ መዳቡን ወይም ካርቦኑን (ለሚሽከረከረው ክፍል ኃይል የሚያደርሰውን) አስፈትሹ፤ ሁለቱም ሙሉ ሞተሪኖ አያስገዙም። ሞተሪኖው «ዝዝዝ» እያለ ብቻውን ከዞረ ቤንዲክሱ (ሞተሩን የሚነክሰው ጥርስ) አልያዘም። መብራት እያለ ምንም ድምፅ ከሌለ፣ ያኔ ኳድሮ፣ ሪሌ ወይም ቫልቮላ ልትጠረጥሩ ትችላላችሁ። አውቶማቲክ የምትነዱ ደግሞ መጀመሪያ ማርሹን ፎሌ ላይ አድርጋችሁ ሞክሩ፤ እዚያ ከተነሳ ችግሩ ማርሹ ጋ ያለው ስዊች ነው።

ኳድሮ አይበላሽም እያልኩ አይደለም። እየነዳችሁ ቁልፉን ጉልበታችሁ ነካ ሲያደርገው ዳሽቦርዱ የሚጠፋ ከሆነ ነገ ሳትሉ አስቀይሩት፤ የቤትና የሱቅ ቁልፍም አብራችሁ አታንጠልጥሉበት። ጄኔራል ሞተርስ በ2014 እ.ኤ.አ. 2.6 ሚሊዮን ያህል መኪኖችን ለጥገና የጠራው ቁልፉ በተንጠለጠለበት ክብደት ወይም በመንገጫገጭ እየተንሸራተተ መንገድ ላይ ሞተር ስለሚያጠፋ ነበር። «ኳድሮውን ተወው፣ በተን (ያለ ቁልፍ ተጭነህ የምታስነሳበት) ልግጠምልህ» የሚላችሁንም አትስሙ፤ መስኮት የሰበረ ሁሉ በአንድ ጣት ያስነሳታል።

ልጁ ጋ ተመልሼ ሄጄ ነበር። ቁጥሩን ሳሳየው «ጋሼ፣ እኔም ከሰው ነው የገዛሁት» አለና 3 ሺህ ብር ሊመልስልኝ ተነሳ። የጋራዡን ስም እዚህ አልጽፍም፣ ምክንያቱም በእጄ አንድ ወረቀት የለም። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። እኔ ግን 2 ሺህ ብር ቅናሽ አገኘሁ ብዬ ደረሰኝ እንኳ አልጠየቅኩም።

አሮጌው ኳድሮዬም «ተጥሏል» ተባልኩ። ከኳድሮ ላይ ቁልፍ የሚያወጣ ቁልፍ ሠሪ ስንት እንዳለ ታውቃላችሁ፤ ያው ቁልፍ ደግሞ በሬንም ይከፍት ነበር። ትናንት የሁለቱንም በር ቁልፍ አስቀየርኩ፣ ሌላ 4 ሺህ ብር።