ለእንባ ቱቦና ለዓይን ጎድጓዳ ቀዶ ሕክምና ሲቲ ስካን ወይስ ኤምአርአይ?

"የትኛውን ልነሣ?" የሚለኝ ወዳጅ ስለበዛ አንዴ ጽፌው ልገላገል። ጉዳዩ የአጥንት ከሆነ በኤክስሬይ ጨረር የሚነሣው ሲቲ ስካን። ይህን ያወቅሁት ሦስት ጊዜ ከፍዬ ነው።

ፊቴን ተመትቼ ካገገምኩ በኋላ አንድ ዓይኔ ማንባቱን አላቆም አለ። ውድ የሆነው ሁሉ የሚሻል መስሎኝ ማንም ሳያዘኝ በኃይለኛ ማግኔት የሚሠራውን ኤምአርአይ ተነሣሁ። መዶሻ በሚመስል ድምፅ እየተደበደብኩ ተኝቼ ያመጣሁትን ምስል ሐኪሙ አየና "አጥንቱስ የት አለ?" አለኝ። ለተደፈነ የእንባ ቱቦ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና በእንባ ከረጢቱና በአፍንጫ መካከል ያለውን አጥንት ከፍቶ ለእንባው አዲስ መንገድ ማበጀት ነው፤ ያንን ስስ አጥንት ኤምአርአይ አጉልቶ አያሳይም።

ሁለተኛው ስሕተቴ ይብሳል። "ሲቲ ያው ሲቲ ነው" ብዬ ርካሹን የጭንቅላት ሲቲ መረጥሁ። እያንዳንዱ የምስል ቁራጭ በ5 ሚሊ ሜትር ውፍረት የተነሣ ስለነበር ስስ ስብራቱ በውስጡ ተውጦ ቀረ። ለዓይን ጎድጓዳ፣ ማለትም ዓይን ለተቀመጠበት የአጥንት ጉድጓድ፣ 1 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ የሳሳ ቁራጭ ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ ከፊት ለፊትም ከጎንም አድርጎ ያሳያል። የጎድጓዳው ወለል ስብራት ደህና ሆኖ የሚለየው ከፊት ለፊት ሲታይ ነው። ርካሹ ላይ ያተረፍኩት ገንዘብ በድጋሚው ክፍያ ከነወለዱ ሄደ። ደግሞ ለተራ ስብራት በደም ሥር የሚሰጥ ማቅለሚያ አያስፈልግምና ሒሳቡ ውስጥ ካያችሁት ለምን ብላችሁ ጠይቁ።

ኤምአርአይ ገንዘቡን የሚያወጣው ለዓይን ነርቭና ለዕጢ ነው፤ ጨረር የለውምና ለልጆችም ይመረጣል። ዓይን ውስጥ የብረት ስባሪ ከተጠረጠረ ግን አይሞከርም፤ ማግኔቱ ስባሪውን አንቀሳቅሶ ብርሃን ሊያሳጣ ይችላል።

ከሁለቱም የሚረክስ አለ፦ ሐኪሙ ጫፉ በደነዘዘ ቀጭን መርፌ የጨው ውሃ በእንባ ቀዳዳው ማስገባት። ጨውነቱ ጉሮሮ ላይ ከተሰማ ቱቦው ክፍት ነው። ለተለመደው መደፈን ብዙ ጊዜ ይኸው ይበቃል። እንባው ደም ከቀላቀለ ወይም ከዓይን ውስጠኛ ማዕዘን በላይ ጠጣር እብጠት ካለ ግን ምስሉን ለመቆጠብ አታስቡ።

በስልክ ከፊልም ላይ የተነሣ ፎቶ ይዛችሁ ወደ ሐኪም አትሂዱ፤ የሚፈለገው ዋናው ዳይኮም ፋይል፣ ማለትም ማሽኑ ራሱ የሚያወጣው የምስል ፋይል ነው። ሲዲውንም ከመቀበላችሁ በፊት እዚያው አስከፍታችሁ እዩት፤ ለእኔ መጀመሪያ የተሰጠኝ ባዶውን ነበር።