ክፍል ድረስ ገብተው ላሰለጠኑን መምህር ምስጋና፣ ለአካባቢያችን ትምህርት ቤቶችም ጥቆማ

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ በሚገኝ አንድ የግል ትምህርት ቤት የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል መምህራንን አስተባብራለሁ። ይህን የምጽፈው ዘንድሮ ስለ ክፍል ውስጥ አጠያየቅ ያሰለጠኑንን ጡረታ የወጡ መምህር በአደባባይ ለማመስገንና አሰልጣኝ ለሚፈልጉ የኮየ ፈጬ፣ የገላንና የቃሊቲ ትምህርት ቤቶች ለመጠቆም ነው።

ክፍሎቻችን፣ እንደ ብዙው ቦታ ሁሉ፣ «ገባችሁ?» በሚል ጥያቄና «አዎ!» በሚል የኅብረት መልስ የተሞሉ ነበሩ። እርሳቸው ከኋላ ወንበር ተቀምጠው፣ መምህሩ ከጠየቀ በኋላ ስንት ሰከንድ እንደሚታገሥ በሰዓታቸው መመዝገብ ጀመሩ። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እንዳሳዩት፣ መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ብቻ ሲሆን፣ ትዕግሥቱ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲደርስ የተማሪዎች መልስ ይረዝማል፣ ዝም የሚሉትም ይቀንሳሉ። የእኛም መዝገብ ከዚህ ብዙ አልራቀም።

በሳይንስ ክፍለ ጊዜ «ተክል ምግቡን የሚያዘጋጀው በምኑ ነው?» ሲባል ክፍሉ በአንድ ድምፅ «በቅጠሉ!» ይል ነበር። በእርሳቸው ምክር ጥያቄው «ዛፍ ጥላ ሥር የበቀለ በቆሎ ለምን ይቀጭጫል?» ወደሚል ተቀየረ። ስም አስቀድሞ ከተጠራ የቀረው ተማሪ ማሰቡን ይተዋልና፣ መምህርቷ መጀመሪያ ጠየቀች፣ ጠበቀች፣ ከዚያ በኋላ ነው ጥግ የተቀመጠችውን ልጅ የጠራችው። ልጅቷ «ፀሐይ ስለማያገኝ» ስትል «ጎበዝ!» ብላ ከማለፍ ይልቅ «ፀሐዩ ምን ያደርግለታል?» ብላ ዳግመኛ ዝም አለች። ልጅቷም ቅጠሉ ምግብ የሚሠራው በብርሃን መሆኑን አስረዳች፤ የዛፉ ሥር ውሃውን ሊሻማው እንደሚችልም ማንም ሳይጠይቃት ጨመረች። ይህ ከመልስ በኋላ ያለው ዝምታ በእኔ ግምት ከጥያቄ በኋላ ካለው የበለጠ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት ዝም ያለ መምህር ትምህርቱ የጠፋበት ስለሚመስል፣ ለመልመድ ይከብዳል። (የማባዣ ሰንጠረዥንና የመሳሰለውን ቶሎ ቶሎ መጠየቅ ግን አይቃወሙም።)

ክፍል ገብተው ሳያዩ አያሰለጥኑም፤ ያዩትንም ለመምህራን የሥራ አፈጻጸም ምዘና አሳልፈው አይሰጡም። መምህራኑ ያመኗቸው በዚህ ይመስለኛል። ስማቸውና ስልካቸው እዚህ እንዲሰፍር ስላልወደዱ፣ የምትፈልጓቸው ትምህርት ቤቶች በውስጥ መስመር ብትጽፉልኝ አገናኛችኋለሁ።