ሁለት እንስሳ በአንድ ፍሬም፦ የግሊፕቶዶኑ የግድግዳ ሥዕል

በፍሬም የገባ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የግሊፕቶዶን ሥዕል ገዛሁ፤ ግሊፕቶዶን ጀርባው በአጥንት ጋሻ የተሸፈነ፣ ዛሬ የጠፋ እንስሳ ነው። ከጥሩው ልጀምር። ጋሻውን የሳለው ሰው ሥራውን ያውቃል። የግሊፕቶዶን ጀርባ አንድ ወጥ ቅርፊት አይደለም፤ ከ1,000 በላይ የአጥንት ቁርጥራጮች ተገጣጥመው የሠሩት ነው፣ ውፍረታቸውም ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል ገደማ ይደርሳል። አብዛኛው ሠዓሊ እዚህ ጋ ይሰንፋል። መስመር መስመር ያደርግና የኤሊ ድንጋይ አስመስሎት ያልፋል። ይሄኛው ሥዕል ላይ ግን ጠጋ ብላችሁ ስታዩት በእያንዳንዱ ቁራጭ መሃል አንድ ክብ አለ፣ ክቡን ትንንሽ ማዕዘን ያላቸው ጉብታዎች ይከቡታል፣ በመሃላቸው ቀጭን ቦይ ይዞራል፤ አበባ በሉት። ወደ ጋሻው ጠርዝ ሲወርድ ደግሞ ቁርጥራጮቹ ሾጠጥ እያሉ ይመጣሉ። እሱንም አልዘለለውም። የምር እጅ የሚያስነሳ ሥራ ነው።

ሥዕሉን ያየ ሁሉ መጀመሪያ የሚለው «ኤሊ ነው?» ነው። አይደለም። የአርማዲሎ፣ ማለትም የዚያ ቅርፊት ለባሽ የአሜሪካ እንስሳ ዘመድ የሆነ፣ ትንሽ መኪና የሚያህል፣ ቅጠላ ቅጠልና ሣር የሚበላ አጥቢ እንስሳ ነው። ደቡብ አሜሪካ ነበር የሚኖረው፤ በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ማብቂያ ግድም ጠፋ። እንደ ኤሊ አንገቱን መሰብሰብ አይችልም፣ ስለዚህ አናቱ ላይ ለብቻው የአጥንት ቆብ ነበረው። ቆቡም ሥዕሉ ላይ አለ፣ ጥላው ሳይቀር በደንብ ወጥቷል።

አሁን ወደ ጅራቱ እንምጣ። ከሥዕሉ ሥር በሚያምር የእጅ ጽሑፍ መሰል ፊደል «ግሊፕቶዶን» ተብሎ ተጽፏል፣ ጅራቱ ጫፍ ላይ ግን እሾህ ያወጣ ትልቅ ቆመጥ ተቀምጧል። ወይ ጉድ! የግሊፕቶዶን ጅራት ዙሪያውን በአጥንት ቀለበቶች የተከበበ ነው እንጂ ጫፉ ላይ ቆመጥ የለውም። ቆመጡ የዶይዲኩረስ ነው። እሱም የዚሁ ወገን እንስሳ ነው፤ እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2016 ከጋሻው ቁራጭ ዲኤንኤ ወጥቶለት እነዚህ ጋሻ ለባሾች ከነጭራሹ አርማዲሎዎች ውስጥ እንደሚመደቡ የታየው በእሱ ነው። ዘመድ ቢሆንም ግን ሌላ እንስሳ ነው። ስሙን ብቻ ቀይረን ዶይዲኩረስ እንበለው እንዳንል ደግሞ የዶይዲኩረስ ጋሻ እንዲህ ያለ አበባ የለበትም፣ ለስለስ ያለና ቀዳዳ ቀዳዳ ያለበት ነው። በሁለቱም በኩል አያስኬድም።

ሥዕሉ የድሮ መጽሐፍ ገጽ እንዲመስል ተደርጎ በቡናማ ቀለም ስለተሠራ «ያኔ እንዲህ ነበር የሚስሉት» ብሎ የሚሟገት አይጠፋም። ለነገሩ ያኔም ግራ መጋባት ነበር። እንግሊዛዊው የእንስሳት አጥንት ተመራማሪ ሪቻርድ ኦወን እ.ኤ.አ. በ1839 ለእንስሳው ስም እስኪያወጣለት ድረስ የጋሻው ስብርባሪ የሜጋቴሪየም፣ ማለትም ዛሬ ዛፍ ላይ የሚንጠለጠለው ዝግተኛው ስሎዝ የተባለ እንስሳ ግዙፍና የጠፋ ዘመድ መስሏቸው የነበሩ ሰዎች አሉ፤ ዳርዊንም አንዱ ነው። ግን ይሄ ህትመት የዛሬ ሥራ ነው። መረጃው በሽ ነው፣ አንድ ጊዜ መፈለግ ይበቃ ነበር።

ለሻጩ ጻፍኩለት። መልሱ «ጌጥ እኮ ነው» የሚል ሆነ። እሺ፣ ጌጥ ከሆነ ስሙን መጻፍ ለምን አስፈለገ? እቃውን ያስቀመጡትም «ዳይኖሰሮች» የሚል ክፍል ውስጥ ነው። ዳይኖሰሮቹ ከጠፉ 66 ሚሊዮን ዓመት አልፏቸዋል፤ ይሄን እንስሳ ግን የሰው ልጅ በዓይኑ አይቶታል። አርጀንቲና ውስጥ በተገኘ የአንድ የቅርብ ዘመዱ አጥንት ላይ በመሣሪያ ሥጋ የተቆረጠበት ምልክት አለ፣ ዕድሜውም ወደ 21,000 ዓመት ይጠጋል። እኔ ብሸጠው ኖሮ መግለጫው ላይ ከሁሉ በፊት የምጽፈው ይሄንን ነበር፣ እነሱ ግን «ለልጆች ክፍል ተስማሚ» ብለው አልፈውታል።

ፍሬሙ ደህና ነው። እንጨቱ ጥቁር ቡናማ፣ ማዕዘኖቹ የተገጠሙት ሳይከፈቱ ነው፣ ጀርባው አቧራ እንዳይገባ በወረቀት ታሽጓል። በሥዕሉና በፍሬሙ መሃል ያለው ነጭ ካርቶን ሰፊ መሆኑ እንስሳውን አጉልቶታል። ፊቱ መስታወት ሳይሆን ፕላስቲክ ነው፤ ቀላል ስለሆነ ክፋት የለውም፣ ቢወድቅም አይሰበርም፣ ግን በደረቅ ጨርቅ በወለወላችሁት ቁጥር አቧራውን መልሶ ይስባል፣ ቶሎም ይጫጫራል። እርጥብ ለስላሳ ጨርቅ ተጠቀሙ። ከመስኮት ፊት ለፊትም አትስቀሉት፣ ነጸብራቁ ጋሻውን ይሸፍነዋል። ማንጠልጠያው አንድ ብቻ ነው፣ መሃል ላይ። በር በተዘጋ ቁጥር ሥዕሉ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ከጀርባው ግራና ቀኝ ሁለት ማንጠልጠያ ጨምራችሁ በሁለት ሚስማር ብትሰቅሉት ትገላገላላችሁ።

አልመለስኩትም። ጋሻው ላይ የፈሰሰውን ልፋት እያየሁ መመለስ አልሆነልኝም። ግን ለሙዚየም ሰው ወይ ለባዮሎጂ አስተማሪ ስጦታ ልትሰጡት ካሰባችሁ ተዉት፣ መጀመሪያ የሚያዩት ጅራቱን ነው። ለራሳችሁ ከሆነ ግን ስም ያልተጻፈበትን ምረጡ፣ እሱም አላቸው። ትልቁን ግዙ፤ ትንሹ ላይ የጋሻው አበባዎች ተጨፍልቀው ነጠብጣብ ብቻ ሆነዋል።