ደሴ ላይ የመካከለኛ ደረጃ ታይ ቺ፦ ግፊያው ጥሩ፣ ቡጢው ጎደሎ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ የሚሰጠው ይህ የታይ ቺ (በዝግታ የሚሠራ የቻይና ማርሻል አርት) ሥልጠና በሳምንት 3 ቀን፣ ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ለ90 ደቂቃ ነው። ለመግባት የሚጠየቀው ቀበቶ ሳይሆን በ1956 እ.ኤ.አ. ቻይና ውስጥ ያንግ ከሚባለው የታይ ቺ ስልት አጥሮ የተዘጋጀውን ባለ 24 እንቅስቃሴ ፎርም (ቅደም ተከተሉ የተወሰነ የእንቅስቃሴ ሰንሰለት) በ5 ወይም በ6 ደቂቃ ሳያቋርጡ ሠርቶ ማሳየት ነው። አሰልጣኙ የሚያየው ቅደም ተከተሉን ብቻ አይደለም፤ እግር በተነሳ ቁጥር ጭንቅላት ከፍ ዝቅ የሚልበት ሰው ወደ ጀማሪዎች ይመለሳል። ቅር የሚሰኙ አይጠፉም፣ ውሳኔው ግን ልክ ነው።

ለክፍያው የሚገባው ክፍል የጥንድ ግፊያው ነው፤ ቻይኖቹ ቱይ ሾው ይሉታል። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው ቀኝ እግራቸውን ያስቀድሙና የእጃቸውን አንጓ ያነካካሉ። አንዱ ወደ ሌላው ደረት ይገፋል፤ ሌላው ክብደቱን ወደ ኋላ እግሩ እያሻገረ ወገቡን አዙሮ ግፊቱን በጎኑ ያሳልፋል። ከዚያ ተራ ይቀያየራሉ። የመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት በአንድ እጅ ብቻ፣ እግር ከቦታው ሳይነቀል ያልቃሉ። ቀጥሎ በሁለት እጅ አራቱ መሠረታዊ ኃይሎች ይመጣሉ፦ ፐንግ ክንድን እንደተነፋ ኳስ ወጥሮ መያዝ፣ ሉ የመጣውን ተቀብሎ ወደ ኋላና ወደ ጎን መሳብ፣ ጂ አንዱን ክንድ በሌላው መዳፍ ደግፎ መጫን፣ አን ደግሞ በሁለት መዳፍ መግፋት።

እዚህ ላይ የአሰልጣኙ ዓይን ሹል ነው። ገፊው ትከሻውን ካነሳ ወይም የኋላ ተረከዙ ከመሬት ከተነቀለ ወዲያው ያስቆመዋል፤ ኃይሉ ከእግር መምጣቱ ቀርቶ የክንድ ብቻ ሆኗልና። ተቀባዩ ደግሞ «ላላ በል» ሲባል ይልፈሰፈሳል፤ ክንዱ ደረቱ ላይ ተለጥፎ መዞሪያ ያጣል። መድኃኒቱ በክርንና በደረት መካከል ቢያንስ የአንድ ጡጫ ክፍተት መጠበቅ ነው። አፍንጫው ከፊት እግሩ ጣት ያለፈ ሰው በትንሽ ሉ ወደፊት ይደፋል። ከወርልድ ቴኳንዶ የሚመጡት በጣታቸው ጫፍ መንጠር ስለለመዱ እዚህ በጣም ይቸገራሉ።

ወለሉ ግን ያሳዝናል። ወፍራም ምንጣፍ ተነጥፎበታል፤ ወገብ ሲዞር እግር ተይዞ ይቀርና ጉልበት ይጠመዘዛል። ስለ ጉልበት ሕመም የሚያማርሩ ሰልጣኞች መጀመሪያ ጫማቸውን ይዩ። ወፍራም ሶል ያለው የሩጫ ስኒከር ሳይሆን ስስ ሸራ ጫማ ያስፈልጋል፤ ከመዞር በፊትም ጣት ወደሚሄዱበት አቅጣጫ መዞር፣ ጉልበትም የጣቱን አቅጣጫ መከተል አለበት። ማሟሟቂያውም 5 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ለደሴ የጠዋት ብርድ 15 ደቂቃ እንኳ አይበዛም። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥተው ለሚመጡት ደግሞ ወደ 600 ሜትር የሚጠጋ የከፍታ ልዩነት አለ፤ የመጀመሪያ ቀናት ትንፋሽ ቢያጥራቸው አይገርምም።

ራስን ለመከላከል ብለው የሚመዘገቡ የሚከፉት ከዚህ በኋላ ባለው ነው። ቀሪዎቹ አራት ኃይሎች፣ ማለትም ወደ ታች መንጠቅ (ጻይ)፣ በተቃራኒ አቅጣጫ መጠምዘዝ (ልየ)፣ ክርን (ጆው) እና ትከሻ (ካው)፣ ሰው ኮሌታ ይዞ ግድግዳ ላይ ሲለጥፍ የሚያስፈልጉት እነሱ ናቸው። በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ግን በጥድፊያ ይታለፋሉ። ቡጢ ሲሰነዘርም ሰንዛሪው በየትኛው እጅ እንደሚመጣ አስቀድሞ ይናገራል። እንዲህ የለመደ ሰው ውጭ ላይ የሚመጣውን ጡጫ በመዳፉ ለመጨበጥ ይሞክራል፤ ይህ አይሠራም። የሚሠራው የሰንዛሪውን ክንድ ከክርኑ አጠገብ መንካት፣ በዚያው ቅጽበት 45 ዲግሪ ወደ ውጭ መራመድ፣ ከዚያ መግፋት ነው። ፎርሙ ውስጥ ጉልበት ጠርጎ የመግፋት እንቅስቃሴ የሚባለው ይኸው ነው። ጓንት ተደርጎ፣ በግማሽ ፍጥነት ተጀምሮ፣ እጁ ሳይነገር ካልተሠራ ግን ፎርም ሆኖ ይቀራል።

ለሚዛንና ለወገብ የሚፈልገው ሰው ያለ ስጋት ይመዝገብ። ለመከላከያ የሚፈልገው ክፍያው ወርኃዊ መሆኑንና የቀረበት ቀን እንደማይካካስ አውቆ፣ ገንዘቡን ከመስጠቱ በፊት አንድ ነገር ይጠይቅ፦ አስቀድሞ ያልተነገረ ቡጢ የምንለማመደው በስንተኛው ሳምንት ነው?