እማማ ጋሎንን አመስግኑልኝ

ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ያላችሁ፣ ልጅ የሚይዝላችሁ ሰው የቸገራችሁ እናቶች፣ ይህን ሳታነቡ እንዳታልፉ።

እኔም ባለቤቴም በፈረቃ ነው የምንሠራው። ትምህርት ቤት ለገና ይዘጋል፣ ፈረቃ ግን አይዘጋም። አምና ልጄን ሁለት ቦታ አስቀምጬ ነበር። ስም አልጠራም። አንደኛው ቤት ቀኑን ሙሉ ታብሌት ላይ ተተክሎ ይውላል፤ ማታ ስወስደው ዓይኑ ቀልቶ አገኘዋለሁ። ሌላው ቦታ አሥር ደቂቃ ብዘገይ ጃኬቱን አልብሰው በር ላይ አቁመውት ደረስኩ። በዚያ ብርድ! ያን ቀን መኪና ውስጥ አለቀስኩ።

ዘንድሮ ጎረቤቴ እኚህን እናት ጠቆመችኝ። ልጄ "እማማ ጋሎን" ነው የሚላቸው። ገና በመጀመሪያው ቀን "ስትመጪ ባዶ የወተት ጋሎንና የእንቁላል ካርቶን ይዘሽ ነይ" አሉኝ። እኔ መክሰስ ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ! ከሰማያዊው የሪሳይክል ቢን ለቃቅሜ ሄድኩ።

ለካ ጋሎኑ የበረዶ ሰው ሊሆን ነው። ዓይንና አፍ ይሠራለታል፣ ሆዱ ውስጥ የባትሪ ሻማ ይገባል። ጥጡ ፕላስቲኩ ላይ እንዴት ተጣብቆ እንደሚቀር እስከ ዛሬ አልገባኝም። እኔ ብሞክረው እጄ ላይ ነው የቀረው።

አንድ ቀን ቀደም ብዬ ደረስኩ። የኔው የስድስት ዓመቱ "አፉን እኔ ልቁረጥ" ብሎ ድርቅ ብሏል። እሳቸው ጀምረውለት መቀሱን ሰጡት። አፍ ይሆናል የተባለው እስከ ጎኑ ተተርትሮ ቁጭ። ልጄ ማልቀስ ጀመረ።

"ማነው ተበላሸ ያለው? ይሄ እኮ በረት ነው። ጌታ የት ተወለደ?"

"በረት" አለ እያለቃቀሰ። እኔን በእንግሊዝኛ ካልሆነ የማይመልስልኝ ልጅ!

"ታዲያ የበረት በር ቀጥ ብሎ ያውቃል?"

ጠርዙ እንዳይቆርጠው በፕላስተር ሸፈኑለት። የእንቁላሉ ካርቶን ተቆራርጦ ጥጥ ለበሰና በግ ሆነ። ስድስት በግ! አንዱ እግር የለውም፣ "ተኝቶ ነው" ተብሏል።

እናቴ ትዝ አለችኝ። አዲስ አበባ፣ የኒዶ ቆርቆሮ አሸዋ ሞልታ የጽድ ቅርንጫፍ ታቆምና ጥጥ ትበትንበት ነበር። በረዶ መሆኑ ነው። እኛ ክረምት ላይ ቆርቆሮ ከሚደበድበው በረዶ ሌላ የት እናውቅና!

የፈረንጆቹም ገና፣ የእኛም ታኅሣሥ 29 አለፈ። በረቱ ግን አሁንም መስኮታችን ላይ ማታ ማታ ይበራል። ልጁ አያስነካም።

እማማ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። እናቶች፣ እውነቴን ነው፣ እንዲህ ያለ ሰው አይገኝም። የሚይዙት ጥቂት ልጅ ስለሆነ ፍጠኑ። ስልካቸውን የምትፈልጉ በኢንቦክስ ጻፉልኝ፣ ጠይቄያቸው እሰጣችኋለሁ። ደግሞ ጋሎኑን በደንብ አጥባችሁ ውሰዱ። የከረመ ወተት ሲሸታቸው ይቆጣሉ፣ እኔን ተቆጥተውኛል።