ዋሙ፣ ዊታ፣ ኤም ፒ ቲ ወይስ ደብሊው ኤች ዩ ቲ? በዲሲ አካባቢ የየትኛው ጣቢያ አባል እንሁን?

ዲሲና አካባቢው ታክሲ ወይም ኡበር የነዳ ሰው የዋሙን ሬዲዮ፣ 88.5 ኤፍ ኤምን፣ ሳያውቅ አይቀርም። የእኔም እንግሊዝኛ ከክፍል ይበልጥ የተፍታታው በዚያ ጣቢያ ነው። ደለስ ኤርፖርት ወረፋ እየጠበቅሁ፣ ወንበሩን ወደኋላ ለጠጥ አድርጌ፣ ሰዓቱ ሲሞላ ዜናው እንዳያመልጠኝ ድምፁን ከፍ አደርግ ነበር። ለዓመታት በነፃ ሰማሁ። አንድ ጠዋት ግን፣ በገንዘብ ማሰባሰቢያቸው ሳምንት፣ ስልኬን አንስቼ አባል ሆንኩ። ከዚያ ወዲህ «የትኛው ይሻላል? ምን ይሰጣሉ?» የሚለኝ ወዳጅ ስለበዛ፣ በአድማጭና በተመልካች ልገሳ የሚደገፉትን የአካባቢያችንን ሕዝባዊ ጣቢያዎች ጎን ለጎን ላስቀምጣቸው።

በቅድሚያ አባልነቱ እንደ ኔትፍሊክስ እንዳይመስላችሁ። ሳትከፍሉም ሬዲዮው ይሰማል፤ ቴሌቪዥኑም መስኮት ላይ በምትለጥፏት አንቴና በነፃ ይገባል። ነገሩ የሚቀርበው ለእድር ነው። ቤታችን ሐዘን ባይገባም በየወሩ እንከፍላለን፤ ድንኳኑና ወንበሩ ለሁሉም እንዲኖር። አሁን ደግሞ ከምንጊዜውም በላይ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1967 በወጣው ሕግ መሠረት የተቋቋመውና የፌዴራል ገንዘቡን ለጣቢያዎች ሲያከፋፍል የኖረው ኮርፖሬሽን ፎር ፐብሊክ ብሮድካስቲንግ፣ ኮንግረስ በጁላይ 2025 ወደ 1.1 ቢሊዮን ዶላር ከሰረዘበት በኋላ፣ በኦገስት ሥራውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። የቀረው ሸክም ያረፈው በአድማጭና በተመልካች ላይ ነው።

ዋሙ፣ 88.5

የአሜሪካን ዩኒቨርሲቲ ጣቢያ ነው፤ በኤፍ ኤም ማሰራጨት የጀመረው በ1961 ነው። ሥራው ዜናና ውይይት ነው፦ ጠዋትና ማታ የአገር አቀፉ ሕዝባዊ ሬዲዮ የኤን ፒ አር ዜና፣ ቀን ላይ በመላው አሜሪካ የሚሰማው «ዋን ኤ» የተባለው የውይይት ፕሮግራም። ዳያን ሪም እስከ 2016 መጨረሻ ለአሥርት ዓመታት ያወያየችው እዚህ ነበር። ከጉያና የመጣው ኮጆ ናምዲም ዓመታትን ያሳለፈው እዚህ ነው። ንግግሩ ለስደተኛ ጆሮ ቅርብ ስለነበር እኔ በጣም እወደው ነበር። ጣቢያው በ2024 መጀመሪያ «ዲሲስት» የተባለውን የአካባቢ ዜና ድረ ገጽ ሲዘጋና ሠራተኞች ሲቀንስ ከልቤ አዝኛለሁ። የከተማችንን ምክር ቤትና የሜትሮን ጉዳይ የሚከታተል ጋዜጠኛ እያነሰ ሲሄድ የምንጎዳው እኛው ነን።

ለአባል የሚሰጠው ብዙ አይደለም። በወር ወደ 8 ዶላር ለምትለግሱ «ኤን ፒ አር ፕላስ» የሚባለው አለ፤ የኤን ፒ አርን ፖድካስቶች ያለ ማስታወቂያ ያሰማችኋል። ፖድካስት የማትሰሙ ከሆነ አይጠቅማችሁም። የአገር አቀፉን ሕዝባዊ ቴሌቪዥን የፒ ቢ ኤስን ፊልሞች የሚከፍተው «ፓስፖርት» ደግሞ ከሬዲዮ ጣቢያ አይገኝም። ይህን ሳያውቅ ለዋሙ ከፍሎ ፓስፖርቱን የሚፈልግ ሰው ገጥሞኛል።

ዊታ፣ 90.9 እና ቻናል 26

አርሊንግተን ያለው ይህ ድርጅት ሬዲዮም ቴሌቪዥንም አለው። ሬዲዮው ከ2007 ወዲህ ክላሲካል ሙዚቃ ብቻ ነው። ቴሌቪዥኑ ግን በአገር ደረጃ ትልቅ ነው፤ ማታ ማታ የምናየው የፒ ቢ ኤስ ዜና «ኒውስ አወር» የሚሠራው እዚሁ ነው። አንድ አባልነት ሁለቱንም ይደግፋል።

ዋናው ጥቅም ፓስፖርቱ ነው። በወር 5 ወይም በዓመት 60 ዶላር ስትለግሱ፣ ለሌላው ተመልካች ከጥቂት ሳምንት በኋላ የሚዘጉት ዘጋቢ ፊልሞችና ተከታታይ ድራማዎች ለእናንተ ክፍት ሆነው ይቆያሉ፤ በስልክም፣ ከቲቪ ጋር በሚገናኘው በሮኩም፣ በኮምፒውተርም ታያላችሁ። የታሪክ ፊልም ለሚወድ ቤት ከዚህ የረከሰ ነገር አላየሁም። እኛ ቤት ቅዳሜ ማታ ቡና እየተፈላ አንድ ዘጋቢ ፊልም እናያለን፤ የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ከሥር ስለሚወርድ እናቴም እያነበበች ትከታተላለች። ቪዲዮዎቹ ከአሜሪካ ውጭ አይከፈቱም፤ ለእረፍት አዲስ አበባ ስትሄዱ እዚያ አየዋለሁ እንዳትሉ። የሬዲዮዎቹ ቀጥታ ስርጭት ግን ከየትም በኢንተርኔት ይሰማል።

ወላጆች፣ ይህችን ልብ በሉ። ለልጆች ፕሮግራም ብላችሁ አትክፈሉ። «ዳንኤል ታይገር»ም ሆነ ሌሎቹ የፒ ቢ ኤስ ኪድስ ፕሮግራሞች በመተግበሪያውና በልጆቹ ቻናል በነፃ ይታያሉ። ልጄ ገና በዳይፐር እያለች «ተራዬን እጠብቃለሁ» ማለትን የተማረችው ከዚያ ነብር ነው፤ አንድ ሳንቲም አልተጠየቅሁም። እኔ የምከፍለው ይህ ለሌላውም ልጅ በነፃ እንዲቀጥል ነው።

ኤም ፒ ቲ እና ደብሊው ኤች ዩ ቲ

ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ጌተርስበርግ ለምትኖሩ ኤም ፒ ቲ (ሜሪላንድ ፐብሊክ ቴሌቪዥን) የክፍለ ግዛታችሁ ጣቢያ ነው፤ ከ1969 ጀምሮ ከኦዊንግስ ሚልስ ያሰራጫል፣ ባለቤቱም የሜሪላንድ ግዛት ነው። ስለ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤና ስለ አናፖሊስ ፖለቲካ ከሌሎቹ አብልጦ ይሠራል። «ሞተር ዊክ» የሚባለው፣ ከ1981 ጀምሮ መኪና እየፈተሸ የሚያሳየው ፕሮግራም የእሱ ነው። መኪና ለመግዛት የሚያስብ ሹፌር ቢያየው አይቆጭም። ፓስፖርቱ በይዘት ከዊታው ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ለሁለቱም መክፈል አያስፈልግም።

ደብሊው ኤች ዩ ቲ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ቻናል 32 ነው። በኖቬምበር 1980 ሲከፈት በጥቁር አሜሪካውያን ተቋም ባለቤትነት የተመሠረተ የመጀመሪያው ሕዝባዊ ቴሌቪዥን ሆነ። የእኛ ምግብ ቤቶችና ሱቆች በተደረደሩበት የጆርጂያ ጎዳናና የዩ ስትሪት ሠፈር ያደገ ጣቢያ ነው። ከጎረቤቶቹ ያነሰ ነውና የእናንተ 5 ዶላር ትልቅ ጣቢያ ላይ ከምትሠራው እዚህ የበለጠ ትሠራለች።

ስጦታው፣ ግብሩ፣ አሮጌው መኪና

የጨርቅ ዘንቢልና ኩባያ ሁሉም ይሰጣሉ። እኔ «ስጦታ አልፈልግም» የሚለውን ነው የምመርጠው፤ ገንዘቡ ለፕሮግራሙ ይውላል፣ ከግብር የምትቀንሱትም አይነካም። ስጦታ ከወሰዳችሁ የዕቃው ዋጋ ከተቀናሹ ላይ ሊነሳ ይችላል። ከ2026 የግብር ዓመት ጀምሮ መደበኛውን ቅናሽ (ስታንዳርድ ዲዳክሽን) የሚወስድ ሰውም ያላገባ እስከ 1,000፣ በአንድ ፎርም የሚሞሉ ባልና ሚስት እስከ 2,000 ዶላር የጥሬ ገንዘብ ልገሳ መቀነስ ይችላሉ። ባለፉት ጥቂት ዓመታት አብዛኞቻችን ምንም አናገኝበትም ነበር፤ አሁን ደረሰኙን አትጣሉት። ለምትሠሩበት ድርጅትም «ሠራተኛ የለገሰውን ያህል እናንተም ትጨምራላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሹፌሮች ደግሞ አርጅቶ የቆመውን መኪና ለጣቢያ መስጠት ትችላላችሁ። ጎትተው ይወስዱታል፣ እናንተም ጎታች አትከፍሉም። የሚቀነስላችሁ ግን አብዛኛውን ጊዜ መኪናው የተሸጠበት ዋጋ እንጂ እናንተ የምትገምቱት አይደለም። ይህ ልገሳ ከላይ ባልኩት የጥሬ ገንዘብ ቅናሽ ውስጥም አይገባም።

እንግዲህ ቀኑን መሪ ላይ ለሚያሳልፍ ሰው ዋሙ ይሻላል። ማታ ቤተሰቡን ሰብስቦ ለሚያይ ዊታ፣ ሜሪላንድ ከሆነ ኤም ፒ ቲ። ፓስፖርቱንም እፈልጋለሁ፣ ገንዘቤም ብዙ እንዲሠራ እፈልጋለሁ ለሚል ደብሊው ኤች ዩ ቲን እመክራለሁ። እኔ አሁን ለዋሙና ለደብሊው ኤች ዩ ቲ በየወሩ እከፍላለሁ።

ስትመዘገቡ ከካርድ ይልቅ በቀጥታ ከባንክ ሂሳባችሁ እንዲቆረጥ አድርጉት። አንድ ቅዳሜ ማታ ፊልሙ መሃል ላይ ስንደርስ ፓስፖርቱ ተዘጋብን፤ ለካ የሰጠኋቸው ካርድ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል፣ አባልነቴም ሳላውቅ ተቋርጧል። ሰኞ ደውዬ የባንኩን ቁጥር ሰጠሁ፤ በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ከቆመበት ቀጠልን።