ፒያሳ ያለው ሰሌዳ ቀራጭ ጋ የሃቲ ማክዳንኤልን ሽልማት አሰርቼ

ደሴ ውስጥ ዋንጫ ወይ የሽልማት ሰሌዳ ማሰራት ለምትፈልጉ ይጠቅማችኋል ብዬ ነው ምጽፈው፣ ትንሽ ረዘም ይላል ግን አንብቡት።

አስተማሪ ነኝ፣ ትምህርት ቤታችን ውስጥ የድራማና የፊልም ክበቡን ምይዘው እኔ ነኝ። ልጆቹ በስልካቸው እየቀረጹ አጫጭር ፊልም ይሰራሉ፣ አመቱ ሲያልቅ አዳራሽ ውስጥ በፕሮጀክተር እናሳይና እንሸልማለን፣ የኛ ፌስቲቫል በሉት። ዘንድሮ የምርጥ ሴት ተዋናይት ሽልማቱን በሃቲ ማክዳንኤል ስም እናድርገው ተባባልን። ለማታውቋት፣ ኦስካር ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ናት፣ ከሴቶቹ ብቻ አይደለም ከወንዶቹም በፊት፣ በፈረንጆቹ 1940 ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ የሚባለው ፊልም ላይ ማሚ የምትባለዋን የቤት ሰራተኛ ሆና ተጫውታ በምርጥ ረዳት ተዋናይት አሸነፈች። እናትና አባቷ ራሳቸው በባርነት የኖሩ ሰዎች ነበሩ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ሱቅ (ስሙን አልጠራም) መደርደሪያው ሙሉ ዋንጫ ነው፣ ግን ሁሉም ጫፉ ላይ ኳስ የሚመታ ወንድ ነው ያለው። ለተዋናይት እኮ ነው ስለው "ችግር የለውም ስሟን ስቲከር እንለጥፍበታለን" አለኝ። ቀብድ ከፍዬ በሶስተኛው ቀን ስሄድ "ማክዳኤል" ብሎ ጽፎታል፣ ን የለችም፣ ወርቃማው ቀለም ደግሞ ስይዘው እጄ ላይ ቀረ። አስተካክልልኝ ብለው ማን ያየዋል አለኝ። ቀብዴንም አልመለሰልኝም። ብሩ አይደለም ያናደደኝ፣ ማን ያየዋል ያለው ነገር ነው፣ ልጅቷ ታየዋለች እኮ፣ እድሜ ልኳን ነው ቤቷ ምታስቀምጠው።

ከዛ አንድ የስራ ባልደረባዬ ፒያሳ አካባቢ ፎቅ ላይ አንድ ማህተምና ሰሌዳ ቀራጭ አለ ብሎ ላከኝ። ደረጃው ጨለማ ነው፣ ማታ ከሄዳችሁ የስልካችሁን መብራት አብሩ። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ አንድ ሌዘር ማሽን፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ከዛ ውጪ መሮ፣ ሞረድ፣ ብርጭቆ ወረቀት ምናምን። ሰውየው በእድሜ ገፋ ያለ ነው። የፈለግኩትን ማስረዳት ጀመርኩ፣ ስሟን ስነግረው አላወቃትም፣ ፊልሙን ስነግረው ግን ቀና አለና "ማሚን ነው ምትይኝ? ነገም ሌላ ቀን ነው ላይ ያለችውን?" አለኝ። ማመን አቃተኝ። ያው ነቢይ መኮንን በደርግ ጊዜ እስር ቤት ሆኖ ሶስት ሺህ በሚሆን የሲጋራ ወረቀት ላይ የተረጎመው፣ የፊልሙ መነሻ የሆነው መጽሐፍ ነው፣ ሰውየው በወጣትነቱ አንብቦታል፣ ፊልሙን ግን አይቶት አያውቅም። ስለዚ ማሚን ያወቃት በአማርኛ ነው፣ ማን እንደተጫወተቻት የሰማው ያን ቀን ነው።

"የተሸለመችበት ቀን በኛ መቼ ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። ፌብሯሪ 29 ነው አልኩት፣ እዛው ቁጭ ብለን ቆጠርነው፣ የካቲት 21 ቀን 1932 መጣ። እስክሪብቶውን አስቀመጠና "ጣልያን ደሴ ተቀምጦ ማለት ነው" አለ። እውነቱን ነው፣ ይቺ ፒያሳ የሚለውን ስም የተከሉብን ሰዎች ነጭና ጥቁር ለይተው በሚያስተዳድሩበት ሰዓት፣ እዛ ሎስ አንጀለስ ደግሞ ሃቲ የተሸለመችበት አምባሳደር ሆቴል ጥቁር እንግዳ አያስገባም ነበር። የፊልሙ ፕሮዲውሰር ለምኖ ነው ያስገባት፣ ያውም ከፊልሙ ተዋናዮች ጋር ሳይሆን ግድግዳ ጥግ ለብቻ በተዘጋጀ ትንሽ ጠረጴዛ። ከዛ በፊት አትላንታ ላይ ፊልሙ ሲመረቅ ጭራሽ መገኘት አልቻለችም። ይሄን ስነግረው ሰውየው "ታዲያ ስሟ ሲጠራ ከዛ ጥግ ተነስታ ሄደች?" አለኝ። ሄደች አልኩት። ትንሽ ዝም አለና "እንግዲያው ስሟን በስቲከር አንለጥፈውም" አለ።

አሰራሩን ልንገራችሁ። ሃቲ በዛን ጊዜ የተሰጣት አሁን የምናውቀው ወርቃማ ሐውልት አይደለም፣ ለረዳት ተዋናዮች ትንሽ ሰሌዳ ነበር ሚሰጠው፣ 14 በ15 ሳንቲሜትር ገደማ። ሰውየው ይሄን ሲሰማ በቃ የኛም በዛው ልክ ይሁን አለ። ናሱን ቆረጠ፣ ፊደሉን ሌዘሩ ካወጣው በኋላ በእጁ ደገመበት፣ ቲ ላይ ያለችው ትንሿ ጭረት ከጠፋች ስሟ ሌላ ይሆናል ብሎ አንገቱን ደፍቶ እሷን ብቻ ስንት ጊዜ እንደቀረጻት፣ ከዛ በአውራ ጣቱ ጥፍር ዳበሳትና "ያዘች" አለ። ጥቁር ቀለም ሞላበት፣ ሲደርቅ ላይ ላዩን በጨርቅ ጠረገው፣ ቀለሙ ፊደሉ ውስጥ ብቻ ቀረ። መደቡ ዋንዛ ነው፣ በብርጭቆ ወረቀት ልስልስ ተደርጎ ቫርኒሽ የተቀባ። በጥፍሬ ፍቄ ሞከርኩት፣ ምንም አይለቅም።

ሁለት ነው ያሰራሁት፣ አንዱ ለልጅቷ አንዱ ለቤተ መጻሕፍታችን። ለምን መሰላችሁ፣ ሃቲ በፈረንጆቹ 1952 ስትሞት ሰሌዳዋን ለሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተናዛ ነበር፣ እዛ ተቀምጦ ቆይቶ ጠፋ፣ ሃምሳ አመት ገደማ የት እንደገባ ሳይታወቅ ቆየና በ2023 ነው ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ ምትክ ሰርቶ ለዩኒቨርሲቲው የሰጠው። እንድትቀበርበት የፈለገችው የሆሊውድ መቃብርም ጥቁር አንቀብርም ብሏታል። ሰውየው የሁለተኛውን ምክንያት ሲሰማ ደብተሩን አወጣና ጽሑፉን፣ ልኩን፣ ቀኑን መዘገበው፣ "አብሽሪ ቲቸር፣ ቢጠፋም ፋይሉ እኔ ጋ አለ" አለኝ። የሁሉንም ደንበኛ እንደዛ ነው ሚይዘው።

ሚነቀፍ ነገር የለም አልልም። በአምስት ቀን ያለኝ ስምንት ቀን ሆኗል፣ መብራት እየሄደ ማሽኑ ይቆማል፣ ደውሎም አላሳወቀኝም፣ እኔ ነኝ ምመላለሰው። ሚያሽግበት ነገርም የለውም፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ነው የሰጠኝ፣ ካርቶን ይዛችሁ ሂዱ። ዋጋው ለአንዱ 1,800 ብር ነው፣ በቴሌብር ከፈልኩ። ከዝግጁ ዋንጫ ይወደዳል ግን ይገባዋል።

ስለ ሽልማቱ ስም አንድ ነገር ማለት አለብኝ። ከክበቡ ልጆች አንዱ "ሰራተኛ ሆና ስለተጫወተች ለምን እናከብራታለን፣ ፊልሙ እኮ ባርነትን ያሳምራል" አለ። ልክ ነው ያሳምራል፣ እሷም በህይወት እያለች ሁሌ ገረድ ትሆናለሽ ተብላ በገዛ ወገኖቿ ተወቅሳለች፣ ይሄን ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ግን ክፍሉ ውስጥ ከነበሩት ልጆች ስንቱ ነው እህቱ ወይ አክስቱ አረብ ሀገር ሰው ቤት እየሰራች የምታስተምረው? ወሎ ነን እኮ። ዘንድሮ ያሸነፈችውም ልጅ የተጫወተችው ቤሩት ካለች ልጇ ስልክ የምትጠብቅ እናት ሆና ነው፣ አስራ ሰባት አመቷ ነው፣ ስልኩ ሲጠራ ነጠላዋን ሳታስተካክል አላነሳም ያለችው ነገር አዳራሹን በሙሉ አስለቀሰው። ስሟ ሲጠራ ከኋላ ወንበር ነበር የተነሳችው፣ ሰሌዳውን ተቀብላ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ፊደሉን በጣቷ መዳበስ ነው።

ሌላ ልጅ ደግሞ ለምን የኛዋን አስናቀች ወርቁን አናደርግም አለች። ጥያቄዋ ደስ አለኝ፣ ሴት መድረክ ላይ መውጣቷ ነውር በሚባልበት፣ የሴቱን ቦታ ወንድ ቀሚስ ለብሶ በሚጫወትበት ዘመን ነው እሷ የወጣችው፣ ከነክራሯ። የሚቀጥለው አመት የሷ ነው ተባባልን፣ ለሰውየው ስነግረው ናሱን ከአሁኑ ቆርጦ አስቀመጠው።

አርብ ለጁምአ ስለሚዘጋ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሂዱ። ስም ምታጽፉ ከሆነ ደግሞ በወረቀት ጽፋችሁ ውሰዱለት፣ በሃሌታው ሀ ነው በሐመሩ ሐ ብሎ መጠየቁ አይቀርም።